ቡናውን ለብቻው ጠጪው

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ችግሬ ይኼ ነው ብዬ ለመናገር እንኳ ይከብደኛል። አልታመምኩም፣ ሥራም አላጣሁም። ግን ጭንቅላቴ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ደረሰኝ እየመዘገብኩ ቴሌግራም እከፍታለሁ። ቴሌግራም ላይ ሆኜ ስለ ቤት ኪራይ አስባለሁ። ባለፈው ወር አንዱን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግቤ አለቃዬ ፊት አፈርኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ልቤ ድም ድም ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ሁሉ ሞከርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ሜዲቴሽን፣ የምስጋና ደብተር መጻፍ። አራት ቀን ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን አላርሙን አጥፍቼ ተኛሁና ሥራ አረፈድኩ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት እናቴ ከደሴ ደወለች። እኔ ኤክሰል ላይ ነበርኩ። ‹እሺ፣ እሺ› እያልኩ ቆየሁና በመጨረሻ ‹እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!› ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። በየቀኑ ላደርገው የምችል ቀላል ነገር ካለ ይንገሩኝ። ልቧ የሚሮጠው፣ ከአራት ኪሎ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ለብቻው የተደረገ ነገር አጣሁበት። ደረሰኙ ከቴሌግራም ጋር፣ ቴሌግራሙ ከቤት ኪራይ ጋር፣ እናትሽ ከኤክሰል ጋር። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጨምርብሽም፣ ሞልቶ የፈሰሰ ቀን ነው ያለሽ። ድሮም ከምታደርጊያቸው ነገሮች ጥቂቶቹን ለብቻቸው እንድታደርጊያቸው ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ግን ስለ አራቱ ቀን። አፍረሽበታል፣ አትፈሪ። የሌላ ሰው ጠዋት ነው የተዋስሽው። በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብን እንደ ጀብዱ የሚያወራ ሰው ቤቱ ሙቅ ውኃ ያለው ነው። በየግቢው በጆግ የሚታጠበው ሕዝብ ይህንኑ ያለ ካሜራ ሲያደርገው ኖሯል፣ ማንም አላጨበጨበለትም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳትም ቢሆን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለሚተኛ ሰው ያምራል። አንቺ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ እየተገላበጥሽ 11 ሰዓት ስትነሺ ግን ከእንቅልፍሽ ላይ ነው የቆረጥሽው። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ደግሞ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። ያ ነገር አራት ቀን መቆየቱም ይገርማል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። በቀን ስንት እንደምትጠጪ አልጻፍሽልኝም። ያልጻፍሽው እንደ ጉዳይ ስላልቆጠርሽው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔም አልቆጥርም ነበር።

በአንድ ወቅት ፒያሳ ቢሮ ነበረኝ። ጠዋት አንድ ማኪያቶ። ከባልደረባ ጋር አንድ። ከምሳ በኋላ አንድ። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ አንድ። መውጫ ላይ የታክሲው ሰልፍ እስኪቀል አንድ። ማታ ጋደም ስል ልቤ ይመታል። የልብ በሽታ ያዘኝ ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ አዳመጠኝ፣ ልቤን በመሣሪያ አነሳው፣ ከዚያ «በቀን ስንት ቡና ይጠጣሉ?» አለኝ። «ኧረ እኔ ቡና አልጠጣም፣ ማኪያቶ ነው የምጠጣው» አልኩት። በአክብሮት ለመሳቅ ሞከረ፣ አልቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንነቃና ስንሠራ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ሲበዛ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። ካፌይን ድካሙን አያጠፋውም። አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ። ድካሙ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በአማካይ አንድ ጤነኛ ሰው የጠጣው ካፌይን በግማሽ የሚቀንሰው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማኪያቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። ከሰው ሰው ይለያያል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ደግሞ እጥፍ ያህል ጊዜ ሊፈጅባት ይችላል። ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም።

ስለዚህ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላ ለወሬ ያህል መቀመጥ ካለብሽ ጦስኝ ወይም ሻይ ቅጠል ያልገባበት ዝንጅብል እዘዢ። በአንድ ጊዜ ቁርጥ አታድርጊው፣ በማግስቱ ራስሽን ያምሻል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሺ። ቁርስ ሳትበዪ መጠጣቱንም ተዪው፣ በባዶ ሆድ እጅ ያንቀጠቅጣል።

ይህ ግን የቡናው ግማሽ ብቻ ነው። እናቶቻችን በቀን ሦስት ጊዜ እያፈሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጡ ኖረው ተረጋግተው ነበር የምናውቃቸው። ሁልጊዜ እንኳ አይደለም፣ የእኔ እናት ቁጡ ነበረች። ቡና ላይ ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ካፌይኑ አይደለም ያበረዳት፣ ካፌይንማ ያነቃል። እጇ ሥራ ይዟል። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናው እስኪፈላ ዓይንን አለማንሳት። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ማንም ሜዲቴሽን ብሎ አልጠራውም።

አንቺ ስታዲየም አካባቢ ሥራ ትውያለሽ። ከየሕንፃው ሥር በርጩማ ደርድራ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ጠዋት ቢሮ ከመግባትሽ በፊት እዚያ ተቀመጪ። ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ቦርሳው ዚፑ ይዘጋ። ስኒው ባዶ እስኪሆን አይወጣም። በቃ። አሥር ደቂቃ ነው። ጭሱን እዪ፣ አላፊ አግዳሚውን እዪ፣ ጎንሽ ያለው ሰው ስለ ኳስ ሲከራከር ስሚ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጅሽ ሳታዢው ወደ ቦርሳው ሲሄድ ትይዢዋለሽ። ትስቂያለሽም፣ ትደነግጫለሽም። እኔ ሰባት ጊዜ ቆጥሬበታለሁ፣ በአንድ ስኒ።

ወደ ቢሮ እንግባ። አንድ ሥራ ሳያልቅ ወደ ሌላው ስንዘል ሐሳባችን ሙሉ በሙሉ አይከተለንም። ሶፊ ለሮይ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን የትኩረት ቅሪት ብላዋለች። ከድስቱ ወጥ ቢገለበጥም ሥሩ ላይ የሚጣበቅ ነገር አለ አይደል? እንደዚያ። ቴሌግራሙን ከፍተሽ ዘጋሽው። ያነበብሽው ነገር ግን ቀጣዩ ደረሰኝ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። «ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው ያየሁት» የምንለው ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ደረሰኞቹን በሃያ በሃያ ክፈያቸው። ሃያው እስኪያልቅ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ገልብጠሽ ማስቀመጥ አይቆጠርም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እያንዳንዱን ፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያው ፕሮግራም) ላይ ከመዘገብሽ በኋላ ጥጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፣ ገልብጠሽም በግራሽ አስቀምጪው። አሮጌ የሒሳብ ሠራተኞች ማኅተም ነበራቸው፣ «ተመዝግቧል» የሚል። ትዝ ይለኛል፣ ቀኑን ሙሉ ቷ ቷ ሲል ይውል ነበር። ጭንቅላታቸው ከአንቺ ስለሚበልጥ አይደለም ያልተሳሳቱት። ጭንቅላታቸውን አላመኑትም። ሰው ከመሐል ከጠራሽ ደግሞ የቆምሽበት ቁጥር ላይ ማስመሪያ አስቀምጪና ተነሺ። ስትመለሺ ማስመሪያው ይነግርሻል።

ግሩፖቹን ሳይለንት አድርጊያቸው። የእቁቡን፣ የክፍል ጓደኞቹን፣ የዘመዱን፣ ያንን በየጠዋቱ የአበባ ሥዕል የሚለጠፍበትን ሁሉ። ከግሩፑ ውጪ አላልኩም፣ ዘመድ ያስቀይማል። መጮህ የሚችሉት አለቃሽ፣ ወንድምሽና እናትሽ ብቻ ይሁኑ። የቀሩትን ምሳ ላይና መውጫ ላይ ታያቸዋለሽ። ባላየሻቸው ሰዓት ምን እንዳመለጠሽ ለአንድ ሳምንት ብትመዘግቢ ዝርዝሩ ያሳፍራል።

ስለ መንገዱ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአራት ኪሎ ስታዲየም ጠዋት ቁልቁለት ነው። በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ወርደሽ፣ ሂልተንን፣ አፍሪካ አዳራሽን አልፈሽ መስቀል አደባባይ ትደርሻለሽ። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀስ ብትዪ አርባ ደቂቃ። የእግረኛ መንገዱ አሁን ሰፍቷል፣ እንደ ድሮው ከመኪና ጋር አትጋፊም። የታክሲ ሰልፍ ቆመሽ፣ ተሳፍረሽ፣ መንገድ ተዘግቶ ከምትደርሺበት ጋር ብታነጻጽሪው ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል። የጠዋት ብርሃን ደግሞ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ጠዋት ዓይናችን ያገኘው ብርሃን ማታ እንቅልፍ በሰዓቱ እንዲመጣ ይረዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ክረምት ላይ ተዪው፣ በዝናብና በጭቃ መካከል የሚገኝ መረጋጋት አላውቅም። ኢርፎንሽ ደግሞ እንደ ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ መንገዱም ለብቻው ነው።

ማታ ሽቅብ ከመጣሽ ልብሽ ይመታል። አይግረምሽ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ዳገት መውጣት ማንንም ያስተነፍሳል። እንዲያውም ልብ ብለሽ አስተውዪው። የዳገት ልብ ምት ቆም ስትዪ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ይህን ደጋግማ ያየች ሴት ማታ አልጋ ላይ ልቧ ሲመታ «ሊገለኝ ነው» ለማለት አትቸኩልም።

አልጋ ላይ፣ ወይም አለቃሽ ክፍል ከመግባትሽ በፊት፣ እስትንፋስሽን እንዲህ አድርጊው። በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በልብሽ እስከ አራት ቁጠሪ። ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ፣ እስከ ስድስት። ሦስት ደቂቃ ያህል። አየር ስናስገባ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። ስለዚህ መውጫውን ስናስረዝም ልባችንን ዝግ እንዲል እያግባባነው ነው። እጅሽ አንጓ ላይ ጣትሽን አስቀምጪና ራስሽ ፈትሺው። ምንም መተግበሪያ አይፈልግም፣ ደንበኝነት ግዢ የሚል የለም።

ጸሎት ካለሽ ጸሎትሽ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ እኔ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ። ብዙዎቻችን ዳዊቱንም ቁርኣኑንም ስልክ ላይ ማንበብ ጀምረናል። መሐል ላይ ከላይ ብቅ ይላል፣ «እከሌ ፎቶ ለጠፈ»። በወረቀት የታተመውን አውጪው። አቧራውን ጥረጊለት።

ስለ ማታው። «ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ» የሚለው ምክር አንድ ክፍል ለተከራየ ሰው ቀልድ ነው። በሩ ጋ አስቀምጪው፣ ተነስተሽ ካልሄድሽ የማይደረስበት ቦታ። ለመቀስቀሻ መርካቶ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት አይጠፋም። ወንድምሽ ያፌዝብሽ ይሆናል።

የምስጋና ደብተሩን አልጠላሁትም፣ ግን ለአንቺ የሚሻል አለ። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን ይዘው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን ጻፉ። ግማሾቹ የጨረሱትን ጻፉ። ገና ያልተሠራውን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩን አብራርተው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ቀደሙ። ሰው የሚያስጨንቀውን ጽፎ እንዴት ይተኛል? ልትዪ ትችያለሽ። ወረቀቱ ያስታውሰዋላ! ጭንቅላትሽ ሌሊቱን ሙሉ «ነገ ቫት አለ፣ ነገ ቫት አለ» እያለ ዘብ መቆም የለበትም። «ነገ 3 ሰዓት፣ የቫት ሰነዶቹን ከማኅደሩ አውጥቼ መቁጠር» ብለሽ ጻፊው። «ቫት» ብቻ ብትዪ ግን አይሠራም።

የቤት ኪራዩ እዚህ ወረቀት ላይ አይገባም። እሱ ሌሊት ላይ መልስ የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ከወንድምሽ ጋር ግማሽ ሰዓት ያዙለት፣ ካልኩሌተርና ወረቀት ይዛችሁ። ማክሰኞ ማታ ብቅ ሲል «ቅዳሜ ና» በዪው። እንደ ቀልድ የሚሰማ ምክር ነው፣ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጭንቀት ለሚበዛበት ሰው የጭንቀት ሰዓት መመደብን ከሠላሳና አርባ ዓመት ወዲህ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ግትር ሆኖ አልሄድ የሚልበት ማታ አለ። ያኔ ተነሺ፣ ወንድምሽን እንዳትቀሰቅሺው ዝቅ ያለ መብራት አብሪ፣ ልብስ እጠፊ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰኞ አትጀምሪው። እንደገና አምስተኛው ቀን ላይ እንገናኛለን። በቡናው ጀምሪ። ሌላ ምንም አትጨምሪ፣ ሁለት ሳምንት። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አንድ ትንሽ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል። አንዳንዱ በ18 ቀን፣ አንዳንዱ ከ250 ቀን በላይ። ደስ ያለኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰባቸውም። አንቺ ግን አንድ ቀን ስለተኛሽ ሁሉን ነገር ጥለሽ ወጣሽ።

ልብሽ ቡና ከቀነስሽም በኋላ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ካልሰከነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም፣ ደም ማነስም ልብን ያስመታል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታያሉ። ብዙ ቀን ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ምግብ መጥላት፣ መኖር መሰልቸት ከመጣ ደግሞ የእኔን ዓምድ አትጠብቂ። ያኔውኑ የምታምኚው ሰው ይዞሽ ይሂድ። «አማኑኤል ሂጂ» መባል ስድብ የሆነበት ከተማ ውስጥ ነን፣ አውቃለሁ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ናቸው። ሰው ይታከምበታል፣ ወደ ሥራውም ይመለሳል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እናትሽ። ሥራ ላይ ስለሆንሽ አይመስለኝም የጮህሽባት። ግማሽሽ ኤክሰሉ ላይ፣ ግማሽሽ እሷ ጋ ሆነሽ ሁለቱም ሲጎትቱሽ ነው። ለእሷ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው የደረሳት። ዛሬ ማታ ወንድምሽ ሳይመጣ ደውዪላት። ላፕቶፑ ይዘጋ፣ ድስቱ ከምድጃ ይውረድ። ይቅርታውን አታስረዝሚው፣ እናቶች ያሳጥሩታል። «እማ፣ ምን ልትነግሪኝ ነበር?» በያትና ዝም በዪ። ስለ ጎረቤት ሠርግ ይሆናል፣ ስለ ጉልበቷ ይሆናል። እስክትጨርስ ስሚያት።